ግዙፍ የገና ጌጥ ከርካሽ ኳስ፦ ከቀለሙ በፊት ክዳኑ

ጥያቄው በአጭሩ ይኼ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ካፌ ያላት እህታችን መግቢያዋ ላይ ለገና የሚንጠለጠሉ አምስት ትልልቅ ጌጦች ልትሠራ ፈልጋለች። ስታይሉ ፋርምሃውስ የሚሉት ነው፤ ነጭና ግራጫ፣ ሲባጎና ጆንያ ያለበት። ከመርካቶ ሦስት የልጆች ፕላስቲክ ኳስ፣ ሁለት ነጭ የፎም ኳስና አንድ ፓኬት የሚያብረቀርቅ የዛፍ ጌጥ ገዝታለች። ፎሙን ስፕሬይ ስትነፋው ተበላባት። ፕላስቲኩ ላይ የቀባችው ቀለም ደግሞ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። «ሰቅዬ ሳየው ራሱ ኳስ ተንጠልጥሎ ነው እንጂ ጌጥ አይመስልም፣ ምን ጎደለው?» ብላ ጨርሳለች።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ዋናው እሱ ነውና። እህቴ፣ የጎደለው ክዳኑ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ኳሱና ስለ ቀለሙ ይጨነቃል፤ ክዳኑን ግን መጨረሻ ላይ ባገኘው ነገር ይሸፍነዋል። እኔ የምጀምረው ከእሱ ነው። ከገዛሻቸው ትንንሽ ጌጦች አንዷን አንሺና ተመልከቻት። ኳሷ 6 ሳንቲ ሜትር ብትሆን አናቷ ላይ ያለችው ቆብ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ትሰፋለች፤ ሲሶ ገደማ ማለት ነው። ጠርዟ ሞገድ ሞገድ ይላል፣ መሃሏ ላይ የሽቦ ቀለበት አለ። ዓይናችን «ይኼ የገና ጌጥ ነው» የሚለው ያቺን ቆብ አይቶ ነው። ኳሱን አሳድገሽ ቆቡን ከተውሽው ያው ኳስ ነው። ቆቡን ትንሽ ካደረግሽውም እንደዚያው። ሲሶዋን ጠብቂ፣ ግማሽ ሥራሽ አለቀ።

የልጆች ኳስ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ 5 ቁጥር የእግር ኳስ በይው። ለእሱ የሚሆነው ቆብ 7 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ይኼን ደግሞ መግዛት አያስፈልግም፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለ፤ የ400 ግራሙ ጣሳ ወርድ ልክ እዚያ አካባቢ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ጌጥ ደግሞ የ400 ግራም ዱቄት ወተት ጣሳ ውሰጂ፣ እሱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካፌ ስላለሽ እነዚህ ከማዕድ ቤትሽ አይጠፉም። ከጠፉም ቆራሌው በሰፈርሽ ያልፋል፣ ምናለሽ ተራም አለ።

አቆራረጡን በደንብ ልንገርሽ። ከታሸገው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ለክተሽ ዙሪያውን በማርከር አስምሪ፣ ከዚያ በቆርቆሮ መቀስ ቁረጪ። ወፍራም ጓንት አድርጊ፣ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። ከቆረጥሽ በኋላ ጠርዙን በፒንሳ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ እያጠፍሽ ዙሪያውን ጨርሺ፣ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት አለዝቢ። የታሸገው ጫፍ ወደ ላይ ነው የሚሆነው። እሱን መሃል ለመሃል በወፍራም ሚስማር ብሺውና ቀዳዳውን ጣትሽ እስኪገባ አስፊው፤ በኋላ ገመድ የሚያልፈው በዚያ ነው። አፉ ክብ የሆነ ጣሳ ኳስ ላይ ስታስቀምጪው ክፍተት ሳይተው ግጥም ይላል። ስለዚህ ልክ ሆነ አልሆነ ብለሽ አትጨነቂ። ቀለበቱን ለብረት ማሰሪያ ከሚሸጠው ጥቁር ሽቦ ሥሪው፤ ሦስት አራት ዙር ደርበሽ ጠምዝዢና 6 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ አድርጊው። ጥቁርነቱ ራሱ ያምራል፣ አትቀቢው።

ጣሳው አዲስ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ስታይሉን ያበላሻል። ግራጫ አንቲረስት አንድ እጅ ቀቢው። ሲደርቅ ትንሽ ነጭና ትንሽ ጥቁር ቀለም በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ አድርጊበት። ስፖንጁን ቀለም ውስጥ ነክረሽ በቀጥታ አትምቺው፤ መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ አራግፊው፣ ምንም የቀረ እስከማይመስልሽ ድረስ። ያኔ የቆየ ቆርቆሮ መልክ ይሰጥሻል።

አሁን ወደ ተበላው ፎም። ስፕሬይ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ራሱን ያሟሟዋል፣ በቃ ምክንያቱ ይኼ ነው። ማስቲሽም ያው ነው፤ አኳራጅ የነካው ቀለምም እንደዚሁ። ነጩ ፎም፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ በውሃ ከሚበጠበጥ ነገር ውጭ ምንም አይንካው። ኮላ፣ ፕላስቲክ ቀለም፣ ጀሶ፤ እነዚህ ሰላም ናቸው። የጋለ ሙጫ በሽጉጥ የምትጠቀሚ ከሆነ ሙጫው ትንሽ በረድ እስኪል ጠብቂ፣ ትኩሱን ካፈሰስሽው ይበሳዋል። የተበሉትን ኳሶች ግን እንዳትጥያቸው! ጀሶ በኮላና በውሃ እንደ ወፍራም ሊጥ አቡክተሽ ጉድጓዶቹን ሙሊ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ላጊው፤ እንዲያውም ሙሉ በሙሉ አታለስልሺው፣ ትንሽ ሸካራ ሆኖ ሲቀር ነው የገጠር ቤት ግድግዳ የሚመስለው።

ፕላስቲክ ኳሱ ላይ ቀለም የሚላጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ቅባት አለ። ሁለተኛ፣ ለስላሳ ስለሆነ ሲነካ ይጎብጣል፣ ቀለሙ ግን አብሮት አይጎብጥም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ዘይት ቀለም ልሞክር እንዳትዪ። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ዘይት ቀለም ሳይደርቅ እጅ ላይ እየተጣበቀ ሊቀር ይችላል፤ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ነገር ወደ ቀለሙ ስለሚወጣ ነው። መፍትሔው ኳሱን ማልበስ ነው። በሳሙና እጠቢው፣ በአልኮል ጥረጊው፣ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቧጭሪው፤ ከዚያ አቡጀዲ በእጅሽ ቀደሽ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሰፉ ቁርጥራጮች አዘጋጂ። በመቀስ አትቁረጪ፤ የተቀደደ ጠርዝ ክሩ ስለሚበታተን መጋጠሚያው አይታይም። ኮላውን እኩል ውሃ ጨምረሽበት ቁርጥራጮቹን እየነከርሽ፣ ከአናት ወደ ታች፣ አንዱ የአንዱን ጠርዝ እየደረበ ለጥፊ። ሁለት ድርብ ይበቃል። ሲደርቅ ኳሱ ጠንካራ ቅርፊት ይኖረዋል። አየሩ ቢቀንስ እንኳ ቅርጹ አይሟሽሽም።

ከዚያ በላይ የሚቀባው ቀለም ማብረቅረቅ የለበትም። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይኼን ስታይል የሚያበላሸው ሁሌም ብልጭልጭታ ነው። ፋርምሃውስ የሚባለው መነሻው የአሜሪካ ገበሬ ቤት ነው፤ ነጭ የተቀባ ጣውላ፣ የዚንክ ባልዲ፣ የእህል ጆንያ፣ ከብዙ አገልግሎት የተነሳ ጠርዙ የተፋቀ የቤት ዕቃ። ሁሉም ነገር ሠርቶበት የኖረ ይመስላል። እዚያ መሃል ወርቃማ ብልጭልጭ ስታስገቢ የሠርግ አዳራሽ ይሆንብሻል። ስለዚህ ቀለሙን በጀሶ አደብዝዢው። ልኩ ሦስት ስኒ ፕላስቲክ ቀለም፣ አንድ ስኒ ጀሶ፣ አንድ ስኒ ውሃ ነው። ጀሶውን መጀመሪያ ከውሃው ጋር በጥብጪ፣ በወንፊት ወይም በቀጭን ጨርቅ አጥልዪ፣ ከዚያ ቀለሙ ላይ እያማሰልሽ አፍሺ። እየቆየ ስለሚወፍር በአንድ ጊዜ ብዙ አትበጥብጪ። ይኼን ከቀባሽ በኋላ ላዩ የጠመኔ ዓይነት ስሜት ይኖረዋል። ነጩም ንጹሕ ነጭ አይሁን፤ የማንኪያ ጫፍ ቡናማ ጣል አድርጊበት፣ ይሞቃል።

ስለ ሲባጎው፣ ብዙ ሰው ኳሱን ሙሉ በሙሉ ሊጠቀልለው ይነሳና መሃል ላይ ያልቅበታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 22 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ኳስ በ3 ሚሊ ሜትር ሲባጎ ሙሉ በሙሉ ልሸፍን ብትዪ 50 ሜትር ይበላል። 30 ሳንቲ ሜትር ለሚሆነው ከ90 ሜትር በላይ። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ሙሉ ጠቅልዪ፣ እሱ ዓይን ይይዛል። ሌሎቹ ላይ ወገባቸውን ብቻ ስድስት ሰባት ዙር አድርጊላቸው፤ 22 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋው ለአንድ ዙር 70 ሳንቲ ሜትር ያዢ።

ሲባጎው ሌላም ሥራ አለው፣ እሱ ደግሞ ከማስጌጥ ይበልጣል። ጌጡ በሙጫ መንጠልጠል የለበትም። ሙጫ ቆቡን ይይዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም፤ የሰው መግቢያ ላይ የሚሰቀል ነገር ደግሞ መውደቅ አይችልም። ሁለት ረዣዥም ሲባጎ ወስደሽ ከኳሱ ሥር አቆላልፊያቸው፣ አራቱን ጫፍ በአራት አቅጣጫ ወደ ላይ ሳቢ። በጣሳው ቀዳዳ አሳልፈሽ ከሽቦ ቀለበቱ ጋር እሰሪ። በዚህ መንገድ ኳሱን የሚሸከመው ከሥሩ የታቀፈው ገመድ ነው። ጣሳው ያለምንም ጭነት አናቱ ላይ ቁጭ ይላል፣ እንዳይንሸራተት ብቻ ዙሪያውን ትንሽ ሙጫ ጠብ አድርጊለት። ከሥር ያለውን ቋጠሮ በእንጨት ዶቃ ደብቂው። አራቱ መስመሮች ኳሱን እኩል ስለሚከፍሉት ጌጥም ይሆናሉ።

ጆንያ ስትገዢ የቃጫውን ነው፣ ማዳበሪያ የምንለውን የፕላስቲኩን አይደለም። አዲሱ ጆንያ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ ካፌ ውስጥ ደግሞ ሽታ አይፈለግም። ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ አናፍሺው። ከመቁረጥሽ በፊት የምትቆርጪበትን መስመር ኮላ ቀብተሽ አድርቂ፣ አለዚያ ክሩ እየተመዘዘ አልቆ ያርፈዋል። ሪባን ያህል ቆርጠሽ ከቆቡ ሥር አንድ ልል ቋጠሮ ካሰርሽበት ይበቃል። የተጋነነ አበባ አትሥሪ።

ፓኬት ሙሉ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ጌጦችሽ አይባክኑም። ቆባቸውን ንቀይ፣ ኳሱን ቧጭረሽ ያንኑ የጀሶ ቀለም ሁለት እጅ ቀቢ፣ ቆቡን መልሺ። ሦስት ሦስት አድርገሽ በሲባጎ አስረሽ ከትልቁ ጌጥ ቆብ ሥር አንጠልጥዪ። ወይም ደወል ሥሪበት። መካከለኛ የፕላስቲክ አበባ መትከያ ወስደሽ ገልብጪው፣ ግራጫ ቀብተሽ እንደ ጣሳው በስፖንጅ አስረጂው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ሲባጎ አሳልፈሽ ከትንሿ ኳስ ጋር እሰሪ፤ ትንሿ ኳስ ከአፉ ትንሽ ወጣ ትበል። ትልቅ ደወል ማለት ይኼ ነው፣ ከሥራ ሁሉ ቀላሉ።

ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፈለግሽ ኳስ አትፈልጊ። ሁለት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ ግጠሚና መጋጠሚያውን በሲባጎ ዙር ሸፍኚ። ፍጹም ክብ አይሆንም፣ ጠፍጠፍ ይላል፤ ግን ከላይ ተሰቅሎ ሲታይ ያምራል። እኔ በጣም የምወደው ግን ሁለት ማጥለያ አፍ ለአፍ ገጥሞ ውስጡ በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት መክተት ነው። ማታ ላይ ብርሃኑ በየቀዳዳው ይወጣና ኮርኒሱ ላይ ነጠብጣብ ይረጫል። ፊኛና ጋዜጣም ይሆናል። የዱቄት ሙጫ አፍልተሽ ጋዜጣ እየቀደድሽ አራት ድርብ ለጥፊ፣ ግን ጥላ ውስጥ አድርቂ። ፀሐይ ላይ ካደረግሽው ፊኛው ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና ይለጠጣል፣ እርጥቡ ወረቀት ይሰነጠቃል ወይም ፊኛው ይፈነዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ድርብ ሳይደርቅ ቀጣዩን ከጫንሽ ውስጡ ይሻግታል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር፣ ያልጠየቅሽኝ ቢሆንም። ጆንያውና ገመዱ የሌላ አገር ገጠር ነው ብለሽ እንዳታስቢ፣ የእኛም ገጠር ነው። ከአምስቱ አንዱን ከቅል ሥሪው። የደረቀ ክብ ቅል ባዶ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ማልበስም አያስፈልገውም፣ ቀለም በደንብ ይይዛል። ሌላው ላይ በወገቡ በኩል የአሮጌ ነጠላ ጥለት አንድ ዙር አድርጊበት፣ ግን አንዱ ላይ ብቻ። አምስቱም ላይ ካደረግሽው ጥለቱ ይረክሳል። በሩ አናት ላይ ደግሞ ሁለት ጫፋቸው የታጠፈ የገና መጫወቻ ዱላዎች አቆላልፈሽ ብትሰቅዪና መሃላቸው በሲባጎ የተጠቀለለ ትንሽ ኳስ ብታደርጊ ማንም ሳይነገረው ይገባዋል። የአራት ኪሎ ደንበኛሽ አባቱ ገና የተጫወቱበትን ሜዳ የሚያስታውስ ይኖራል፤ ወሬ ይጀመራል፣ ቡና ይደገማል።

አሰቃቀሉ ላይ አትቸኩዪ። ኮርኒስሽ ችፑድ ከሆነ ችፑዱ ላይ ምስማር አትምቺ፣ አይሸከምም። በጣትሽ እያንኳኳሽ ድምፁ የሚደፈንበትን ፈልጊ፣ እዚያ ጋ ሞራሌው አለ፤ መንጠቆውን እሱ ላይ በብሎን አስገቢ። አምስቱን በአንድ ከፍታ አትደርድሪያቸው። ትልቁ ዝቅ ይበል፣ ሌሎቹ በተለያየ ልክ ከፍ ይበሉ፣ ከሁሉም የሚወርደው ግን ከወለል 2 ሜትር ከ20 በታች አይውረድ፤ አስተናጋጅ ትሪ ይዞ ያልፍበታል። ታኅሣሥ ነፋስ አለው፣ በር ሲከፈት ቀላል ጌጥ ይሽከረከራል። ሽክርክሪቱ ሲባጎውን እንዳይፈታው ከላይ በሁለት ነጥብ እሰሪው። ደጅ የምታወጪው ካለ የአቡጀዲውን አውጪ እንጂ የጋዜጣውን አታውጪ፤ በጋ ነው ብለሽ ብትተማመኚም የሌሊቱ ጤዛ ወረቀት ያለሰልሳል።

ይኼን ግን አደራ። ቡና የሚፈላበት ጥግ ካለሽ ከከሰሉና ከእጣኑ በላይ ምንም እንዳትሰቅዪ። ጆንያና ሲባጎ ቶሎ ይያያዛሉ፣ ፎም ደግሞ ሲቃጠል እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም ጥቁርና መርዛም ነው። ሻማም እንደዚያው። ውስጣቸው መብራት የምታስገቢ ከሆነ ኤልኢዲ ብቻ፣ የሚግል አምፖል በፍጹም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ታኅሣሥ 16 የሚውለውን የፈረንጆቹን ገናም ልትይዢበት ከፈለግሽ ኅዳር መጨረሻ ላይ ጀምሪ። ለእኛው ለታኅሣሥ 29 ብቻ ከሆነ የወሩ መጀመሪያ ይበቃሻል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ አንድ የአቡጀዲ ድርብ በማግስቱ ደርቆ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ ጣሳዎቹን ሰብስቢ፣ በእነሱ ልክ የትኛው ኳስ ለየትኛው እንደሚሆን ወስኚ፣ ከዚያ ነው ቀለሙን መበጥበጥ። ለከርሞ ስታስቀምጪያቸው ቆቡን ሳትፈቺ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ አኑሪ፤ ፌስታል ውስጥ አትዝጊያቸው፣ ጆንያው እርጥበት ይዞ ይሻግታል። የኮርኒስሽን ከፍታና የበርሽን ስፋት ከላክሽልኝ የትኛው መጠን የት ቢሰቀል እንደሚሻል እነግርሻለሁ።